ከነጠላዬ ጫፍ

ባለፈው ጥቅምት ንፋስ መውጫ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቁጭ ብዬ የቀሚሴ ዚፕ እስኪቀየር እጠብቅ ነበር። መብራት ስለጠፋ ሰፊው የከሰል ካውያ አውጥቶ የሰው ነጠላ ይተኩሳል። በር ላይ ከቆመ ሰው ጋር ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ወጣ አልወጣም እያለ ሲከራከር ካውያውን ነጠላው ላይ ረሳው።

"ኧረ ጉድ! ኧረ ጉዴ ፈላ!"

ካውያውን ሲያነሳው ጨርቁ ላይ ቡናማ ቅርጹ ታትሞ ቀርቷል። አጠገቤ የነበረች ሴት አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። እኔ አልወጣሁም።

የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ከሌላው ቃጠሎ ይለያል። ፀጉር ይከረፋል፤ ላስቲክ ጉሮሮ ይይዛል። ጥጥ ግን መጀመሪያ የሚበላ ነገር ይመስላል፤ ምሬቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ይህን የማውቀው ያደግሁት ወናፍ አጠገብ ስለሆነ ነው። አባየ ባለ እጅ ነበር፤ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይቀጠቅጣል። እማየ ሸክላ ትሠራለች። ወናፉን የምነፋው እኔ ስለነበርኩ ቀሚሴ በብረት ፍንጣሪ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ነበር። ቤታችን ከንፋስ መውጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ሲሆን፣ ከመንደሩም ተለይቶ ከወንዙ ማዶ ለብቻው ቆሟል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ወናፉን ለታናሽ ወንድሜ ለቀቅሁና አንደኛ ክፍል ገባሁ። የማወራው ስለዚያ ዓመት፣ ያውም ከመስከረም እስከ ኅዳር ስላለው ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መምህር ስንታየሁ ስማችንን መዘገበ። ከእስቴ የመጣ፣ ያኔ የዛሬውን የኔን ዕድሜ የሚያህል ወጣት ነው። መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያንዳንዳችንን ይጠይቃል።

"የአባት ሥራ?"

"ገበሬ።"

"የአባት ሥራ?"

"ቄስ።"

"የአንቺስ?"

"ቡዳ" አልኩ።

ቤታችን ውስጥ ይህ ቃል ተነስቶ አያውቅም። እኔ የምሰማው መንገድ ላይ ነበር፤ "የቡዳ ልጅ" ይሉኛል። መንደራችን ውስጥ "የቄስ ልጅ" የሚባል ልጅ አለ፤ አባቱ ቄስ ናቸው። "የነጋዴ ልጅ" የምትባልም አለች፤ አባቷ ነጋዴ ነው። ስለዚህ የኔም ነገር እንደዚያው ነው ብዬ ነበር። ቡዳ ማለት ዓይኑ ያረፈበትን የሚያሳምም፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ የሚወጣ ሰው ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

 ክፍሉ ሳቀ፤ ግን ከፊት የነበሩት ልጆች አልሳቁም፤ ከኔ ራቅ አሉ እንጂ። መምህር ስንታየሁ እስክሪብቶውን ትንሽ ይዞ ቆየ። ከዚያ ጻፈ፤ የጻፈውንም ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ባለ እጅ።"

ማታ አባየን ጠየቅሁት።

"አባየ፣ ሥራህ ምንድን ነው?"

"ባለ እጅ ነኝ በይ።"

"እነሱስ እጅ የላቸውም?"

አባየ ሳቀ። ብዙ የሚስቅ ሰው አይደለም። "አላቸው። በይ አሁን ለወንድምሽ ወናፉን አሳዪው፤ እየተርገፈገፈበት ነው" አለኝ። እማየ ግን ከጭቃዋ ቀና አላለችም።

ክፍላችን ውስጥ አምስት አምስት ልጅ በአንድ ዴስክ ይጨናነቃል። የኔ ዴስክ ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህንን መጀመሪያ እንደ ክብር ቆጠርኩት፤ ደብተሬን በቀኝ፣ ቆሎዬን በግራ አስቀምጥ ነበር።

ግራ የገባኝ የእረፍት ሰዓት ነው። ልጆቹ የቋጠሩትን ሲፈቱ እኔ ካለሁ መልሰው ይቋጥሩታል። ጀርባቸውን ያዞራሉ፤ ወይም ነጠላቸውን ተከናንበው ከሥሩ ይበላሉ። ብዙ አሰብኩበት። የደረስኩበት መልስ ሆዳም መስያቸዋለሁ የሚል ነበር። እናታቸው "ያቺ የወንዝ ማዶዋ ልጅ ትለምናችኋለች" ብላቸው ይሆናል አልኩ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ግቢው በር ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ መናገር ጀመርኩ።

"እኔ ጠግቤያለሁ። በልቼ ነው የመጣሁት።"

"ምን በልተሽ ነው?" አለኝ አንድ ቀን ከትልልቆቹ አንዱ፤ ጓደኞቹን እየጎነተለ።

"ንፍሮ።"

"የማንን ንፍሮ?"

"የኛን።"

"እውነት ንፍሮ ነው? ሰው አይደለም?"

ሳቁብኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ሰው መብላት የሚያስቅ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ጠግቤያለሁ እያልኩ ነገርኳቸው። ዛሬ ሳስበው ለሚፈራ ልጅ ከዚያ የባሰ የሚያስፈራ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

ሌላው ነገር ዓይኔ ነው። "አታፍጥጪብን!" ይሉኛል። ዓይኔ አስቀያሚ ነው ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ስለዚህ መሬት መሬት ማየት ልማድ ሆነኝ፤ ሰውን በእግሩ ለየሁት። የትኛዋ ልጅ ተረከዟ የተሰነጠቀ፣ የትኛው ልጅ የወንድሙን ጫማ የሚጎትት፣ ማን ሲዋሽ ጣቶቹን መሬት ውስጥ የሚቀብር እንደሆነ አወቅሁ። የክፍላችን በር ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት እግሩ ይታያል። ማን እንደሆነ ለራሴ እናገራለሁ፤ በሩ ይከፈታል፤ ልክ እሆናለሁ። ሌላ ጨዋታ አልነበረኝም።

ከትምህርት ቤት ውጭም የማውቃቸው እግሮች ነበሩ። አቶ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ማረሻቸውን የሚያሾሉት አባየ ዘንድ ነው። ወደ አጥሩ አይገቡም። ማረሻውን መሬት ላይ ያስቀምጡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ፤ አባየ ያነሳዋል። ሲጨርስም መሬት ላይ ያስቀምጥላቸዋል፤ እሳቸው ያነሱታል። በመሀል ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ፣ ስለ አይጥ ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉ። እኩያ ናቸው። ግን አባየ "እርስዎ" ሲላቸው እሳቸው "አንተ" ይሉታል። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሁለተኛው ጣት ላይ ተጋድሟል። እያወሩ ሲቆሙ ያቺ ጣት ሁልጊዜ ትንቀሳቀሳለች።

የአቶ ሞላ ልጅ የሻረግ የኔ ክፍል ናት። ማሩ የሚባል ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድም አላት። ጥቅምት ላይ በደጃቸው ሳልፍ ማሩ ደፉ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይልጣል። ጉንጩ ሙሉ ነው። ማፍጠጥ ክልክል መሆኑን ረስቼ ቆሜ አየሁትና "እንዴት ያምራል!" አልኩ። እናቱ ከውስጥ ወጥታ ባቄላው እየተበተነ ልጁን በአንድ እጇ አፍሳ ገባች። ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማሩ ታመመ። ሆዱ ተነፋ፤ እግሩ ቀጠነ። ጠበል ወሰዱት ሲባል ሰማሁ። የልጅ መታመም ብርቅ ስላልሆነ ከባቄላው ጋር አላያያዝኩትም።

ኅዳር ገባ። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይተኛል። አንድ ሰኞ ጠዋት ዴስኬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ሁለት እግሮች አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የሻረግ ናት፤ ግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የቆየ የእሾህ ጠባሳ አለ።

"ፈቀቅ በይ።"

"ወዴት?"

"ወዲያ ነዋ። ልቀመጥ ነው።"

ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሌላ ሰው እንደሆነ አየሁ። የለም። ፈቀቅ አልኩ።

ሰኞን ብዙ አላወራችም። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ካወራሁ የምትሄድ መስሎኝ። በእረፍት ሰዓት ሰሌዳ መጥረጊያውን ላራግፍ ወጥቼ ስመለስ ቦታዋ ላይ ናት፤ ተነፈስኩ።

ማክሰኞ የእግሩን ጨዋታ አሳየኋት።

"አሁን የሚገባው ኃይሉ ነው" አልኳት።

በሩ ተከፈተ፤ ኃይሉ ነው።

"እንዴት አወቅሽ?"

"የወንድሙን ጫማ ስለሚጎትት።"

"ደግሞ አሁን?"

"ቲቸር።"

"አንቺ! እንዴት?"

"ካልሲው አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ ነው። ሁልጊዜ።"

የሻረግ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዴስኩ ሥር ወረደች፤ ሳቋ ትከሻዋን ያንቀጠቅጠዋል። በሌላ ዴስክ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ሰው ከኔ ጋር ሆኖ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ረቡዕ ቆሎዬን ዘረጋሁ፤ ገብስ ከሽምብራ ጋር። እንደ ልማዴ "እኔ ጠግቤያለሁ፤ ከፈለግሽ..." አልኩ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሦስት ፍሬ አነሳች፤ ሁለት ገብስና አንድ ሽምብራ። አንድ በአንድ አኘከቻቸው። መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቷ ተጨማድዶ ነበር። ቆሎው አልጣማትም መሰለኝና እማየን ማታ "ጨው ጨምሪበት" አልኳት። ሐሙስ ጨው ያለበትን ይዤ ሄድኩ። የሻረግ ተመልሳ መጣች፤ ሳትቆጥር በእፍኟ ወሰደች።

በማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሐሙስ ከሰዓት ነጠላዬን ላጥብ ወንዝ ወረድኩ። ውኃው ላይ ስዘረጋው አንድ ጫፉ የለም። ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ ጠፍቷል። እሾህ ቢቀደው ይዘረዘራል፤ ይህ ግን ቀጥ ብሎ በምላጭ የተቆረጠ ነው። ሰው ቆርጦ ወስዶታል። ሰው ሁሉ በሚሸሸኝ ክፍል ምላጭ እስኪያስነካኝ ድረስ የቀረበኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ ነበር የተሰማኝ። ሴቶቹ ልጆች ጓደኛ ሲሆኑ ክር ይለዋወጣሉ፤ ከጥለታቸው መዝዘው አንዷ ለሌላዋ እጇ ላይ ታስራለች። ለኔ ያሰረልኝ ስለሌለ ሥርዓቱን በሩቅ ነው የማውቀው። የሻረግ ክር ሳይሆን ሙሉ ቁራጭ ወስዳለች። አፍራ ሳትነግረኝ መውሰዷ ነው አልኩ። እማየ እንዳትቆጣኝ የተቆረጠውን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት።

ኅዳር ሚካኤል የጭስ ቀን ነው። በሽታ እንዲወጣ ተብሎ ያገሩ ጥራጊ ሁሉ በየደጃፉ ይቃጠላል፤ "ኅዳር ሲታጠን" ይባላል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንደሩ በጭስ ታፍኗል። በአቶ ሞላ አጥር ስናልፍ አፍንጫዬን አንድ ነገር ነካው።

"እማየ፣ ጥጥ እየተቃጠለ ነው። የሰው ልብስ።"

"ጥራጊ ነው።"

"ጥራጊ አይደለም። ከደጅም አይደለም፤ ከቤት ውስጥ ነው የሚሸተው።"

"ሂጂ፤ ቶሎ ሂጂ" አለችኝና እጄን ይዛ ፈጠነች። እማየ መንገድ ላይ እጄን የምትይዝ ሴት አልነበረችም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስደርስ የሻረግ የድሮ ቦታዋ ተመልሳለች። ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ተጣብቃ ተቀምጣ ወደኔ አትዞርም። ምን አጠፋሁ ብዬ ሳስብ ቆየሁና ጥፋቴን አገኘሁት። እሷ ከኔ ወስዳለች፤ እኔ ከእሷ አልወሰድኩም። ጓደኝነቱ ጎደሎ ሆኖ ተቀይማለች ማለት ነው።

አባየ እርሳስ እንድቀርጽበት የሠራልኝ ጣት የምታህል ካራ ነበረችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ሰልፉ ላይ ቦታዬን ለቅቄ ከየሻረግ ኋላ ቆምኩ። መዝሙር ሲዘመር ማንም አይነቃነቅም። ቀሚሷ ሰማያዊ ሆኖ ነጫጭ አበባ አለበት። ጎንበስ ብዬ ከጫፉ አንዲት ሙሉ አበባ ቆረጥኩ። ካራዋ ስለት ነበራት፤ የአባየ እጅ ነው። ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

ግን ኃይሉ አይቶኛል።

"ቆረጠቻት! ቡዳዋ የሻረግን ቆረጠቻት!"

መዝሙሩ ከመሀሉ ተቋረጠ። የሻረግ ዞራ ቀሚሷን አየች፤ ከዚያ እጄን። እንደዚያ ዓይነት ጩኸት ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ልጆቹ ሰፊ ክብ ሠርተው ከበቡን፤ የሚጠጋኝ የለም።

"እንትፍ በይባት!" አለች አንዷ።

"እንትፍ በይባት! እንትፍ በይባት!" ሁሉም ተቀበሏት።

በቡዳነት የተጠረጠረ ሰው እንትፍ ካለ ያደረገው ነገር ይፈታል እንደሚባል አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሰው ላይ መትፋት ነውር መሆኑን ነው። ጓደኛዬን አዋርጂ እያሉኝ መሰለኝ።

"አልተፋም!" ብዬ ጮህኩ። "እሷ ላይ አልተፋም!"

የሻረግ እያለቀሰች "ትሪንጎ፣ በናትሽ እንትፍ በይብኝ" አለችኝ። ስሜን የጠራችኝ ያኔ ነው። ጨርቁን አፌ ላይ ይዤ ጥርሴን ገጠምኩ። ለእሷ ክብር ብዬ።

ከሰዓት ርእሰ መምህሩ ቤታችን መልእክት ላኩ፤ ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ፤ ካልሆነ ደብተርሽን ይዘሽ ቅሪ። እማየ ነገሩን ከኔ ሰማች። የነጠላዬን ስፌት ተርትራ ቁራጩ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ያን ቀን ሸትቶኝ ነበር" አለች። ከዚያ ወደ አባየ ዞረች። "ይበቃታል። ትቅር። ወናፍ መንፋት ፊደል አያስፈልገውም።"

"ነገ እኔ እሄዳለሁ" አለ አባየ።

"ሄደህ ምን ልትላቸው?"

"እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ።"

የርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠባብ ነው። አቶ ሞላ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የሻረግ ከኋላቸው ናት። መምህር ስንታየሁ መስኮቱ ጋ ነው። አባየ በሩ አጠገብ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

"ይቺ ልጅ ከኛ ልጆች ጋር አትማርም" አሉ አቶ ሞላ። "ልብሷን ቆርጣ ወስዳለች። ምን ልታደርግበት ነው? እኔ ልጄን ከቀበርኩ በኋላ መንቃት አልፈልግም።"

"ለምን ቆረጥሽ፣ ትሪንጎ?" አለኝ መምህር ስንታየሁ።

"ስለተለዋወጥን።"

"ምን ተለዋወጣችሁ?"

"ጨርቅ። መጀመሪያ እሷ ከኔ ወሰደች። ለማስታወሻ። እኔ አልሰጠኋትም ነበር፤ ስለዚህ..." ነጠላዬን ዘርግቼ አሳየኋቸው። የተቆረጠው ቦታ ላይ የስፌቱ ክር ገና ተንጠልጥሏል።

 መሬት ነበር የማየው። የአቶ ሞላ አውራ ጣት መንቀሳቀሷን አቆመች።

መምህር ስንታየሁ ወደ የሻረግ ዞረ። "ወስደሻል?"

የሻረግ አባቷን አየች።

"ለምን ወሰድሽ?"

"ልጅ ናት" አሉ አቶ ሞላ ቶሎ ብለው። "ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች።"

በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። በቡዳ ተበላ የተባለ ሰው የተጠርጣሪው ልብስ ተሰርቆ ይታጠንበታል። የጠረጠረ ሰው ይህን አድርጌያለሁ ብሎ በአደባባይ አያምንም፤ በተለይ ማረሻውን ከሚያሾልለት ሰው ፊት።

አባየ ኮፍያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ማሩ እንዴት ነው?"

አቶ ሞላ በዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። "ተሽሎታል።"

"ሆዱስ?"

"ጎድሏል። እህልም በላ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።" አባየ የሚናገረው ማረሻ መሬት ላይ እንደሚያስቀምጥ ቀስ ብሎ ነው። "እንግዲህ የልጄ ጨርቅ ለልጅህ ከበጀ፣ የልጅህ ጨርቅ ለልጄ ይሁን። ልጄም ትማር።"

"ልጅህ" አለ። "አንተ" ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም። አቶ ሞላ ዱላቸውን አንስተው የሻረግን በትከሻዋ ገፋ አድርገው ወጡ። ርእሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ወደ ክፍልሽ ግቢ" አሉኝ። እኔ ደስ ብሎኛል። አባየ ልውውጣችንን ያጸደቀው መስሎኛል።

ልጁ ዳነ። ችግሩ ይህ ነው። ባይድን ኖሮ ጨርቁ አልሠራም፣ ዓይኑ የሌላ ሰው ነው ይባል ነበር። በመዳኑ ግን እስከዚያ ጥርጣሬ የነበረው ተረጋገጠ። በዚያ ዓመት ከዚያ በኋላ ማንም የቡዳ ልጅ ብሎ አልጠራኝም፤ መጥራት አላስፈለገም። ዴስኬ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አንደኛ ክፍልን ጨረስኩ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጨርቁም ለምን እንደተወሰደ የገባኝ በዚያው ክረምት ነው፤ ማን እንደነገረኝ አላስታውስም። ያኔ የመጀመሪያ ሥራዬ አራቱን ቀን መሰረዝ ነበር። ሳቋን፣ የእግሩን ጨዋታ፣ ቆሎውን ሁሉ። ለሁለት ጣት ጨርቅ ተብሎ የተሠራ ተንኮል አድርጌ አስቀመጥኩት። ሰማያዊዋን አበባ ግን አልጣልኳትም። ዛሬ ግጥም በምሞክርበት ደብተር ውስጥ ናት።

ከልብስ ሰፊው ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ገበያው ሄድኩ። የሻረግ ባቄላና አተር ትሸጣለች። ለዓመታት ስንተላለፍ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ብቻ ነበር የምንባባለው። ያን ቀን ጆንያዋ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

"ነጠላዬን አስታወስኩ" አልኳት።

የምን ነጠላ አላለችም። የባቄላ መስፈሪያውን አስቀመጠችው።

"እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ራሴን ባመመኝ ቁጥር ዛሬ ቀሚሴን አቃጠለችው እል ነበር" አለች። "አበባዋን ጣልሻት?"

"አለች፤ ደብተሬ ውስጥ።"

"ውይ፣ ትሪንጎ።" ሳቀች፤ ከዚያ ተወችው። "በዚያው ሳምንት እኮ ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ ልጅ ለማሩ የትል ኪኒን ሰጥታው ነበር። እማየ ኪኒኑን አትቆጥረውም። ዛሬም አትቆጥረውም።"

"ሐሙስ ስትቆርጪው እንዴት አላየሁሽም?"

"የምን ሐሙስ?"

"ነጠላዬን የቆረጥሽው።"

"ሰኞ ነው እንጂ። አንቺ መጥረጊያውን ልታራግፊ ስትወጪ። ነጠላሽን ዴስኩ ላይ ትተሽው ነበር። እማየ ዛሬውኑ ብላኝ ነበር፤ ማታውኑ ሰጠኋት። እሷ ናት እስከ ሚካኤል ጭስ ይቆይ ብላ ያቆየችው፤ ሰው እንዳይነቃ።"

አንዲት ሴት መጥታ አተር ጠየቀች። የሻረግ ሰፍራ ሰጠቻት። ሴትየዋ እስክትሄድ ጠበቅሁ።

"ታዲያ ማክሰኞ ለምን መጣሽ?"

"እኔ እንጃ።" ከመሬት የወደቀች ባቄላ አንስታ ወደ ጆንያው ጣለች። "ቦታው ሰፊ ነበር። እኛ ጋ አምስት ነበርን፤ የጎኔን አጥንት ነበር የሚሰብሩኝ።" ሌላም ባቄላ ለቀመች። "ረቡዕ ቆሎሽን በልቼ ማታ ሆዴን ይዤ ተኛሁ፤ እስኪያመኝ ስጠብቅ። አላመመኝም። ሐሙስ መጣሁ። እማየ ሰምታ አርጩሜ ባትቆርጥልኝ ሰኞም እመጣ ነበር መሰለኝ። አላውቅም። ልጅ ነበርኩ።"

 መሬት አየሁ፤ ልማዴ ነው።

"ዛሬም ትችያለሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ቀና እንዳትይ። ሰው እየመጣ ነው። ማን ነው?"

ጥቁር ክፍት የላስቲክ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች፣ ሸክም እንዳለበት ሰው ከበድ እያሉ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ወጣት እግር ነው። የቀኙ አውራ ጣት ሁለተኛው ጣት ላይ ተጋድሟል።

"ማሩ" አልኩ።

"እንዴ!" አለ ከላይ አንድ ጎርናና ድምፅ። "ይቺ ደግሞ ጠንቋይ ናት እንዴ?"

"ዝም በል አንተ። ጆንያውን አውርድ" አለችው የሻረግ፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ።

ወደ ቤት ስመለስ የሰረዝኳቸውን አራት ቀኖች እንደገና ቆጠርኳቸው። ሰኞን አወጣሁት። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ።